የስለት ልጅ ፀጉር

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉር ቤቴ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ዋናው መንገድ ዳር ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወትና ማለቂያ የሌለው ወሬ አላት። መብራት በጠፋ ቁጥር ስራገም ነው የኖርኩት። ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ተጎልቶ ሲያፈጥብህ ምን ትለዋለህ? መብራት በመጥፋቱ ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ነበር። አንድ ሽማግሌ ህንድ ባርኔጣውን እንዳደረገ ገባና ሳልጋብዘው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ልጁ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ባርኔጣውን ሲያነሳ፣ እውነቴን ነው፣ ለምን እንደመጣ ግራ ገባኝ። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ ፀጉር የለም። ከማጅራቱ በላይ ብቻ ነጭ ጭራ የመሰለች ነገር በላስቲክ ታስራ ተንጠልጥላለች። ሲያልቅ አያምር አልኩ በሆዴ። በስዋሂሊ የሆነ ነገር መናገር ጀመረ። እኔ ደግሞ ደንበኛ ሲናገር የመስማት ልማድ የለኝም፤ ሁሉም የሚናገረው ስለ ፀጉሩ ነው፣ ስለ ፀጉር ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ ጭራዋን ከሥሯ ልገነድሳት ጠጋ አልኩ። ልጅቱ ጮኸች። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋና ማሽኑ እጄ ላይ ዝም አለ።

ሽማግሌው ሁለት እጆቹን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ላብ በላብ ሆኖ ቀረ። ልጁ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ ምላሱ ሥር አደረገችለት። እኔም ነፍሰ ገዳይ ልሆን ነው ብዬ እየተርበተበትኩ ውሃ አቀረብኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የሰማሁት።

የሽማግሌው አባት ድሮ እዚሁ ሞያሌ ሱቅ ነበራቸው። እናቱ የወለደቻቸው ልጆች አንድ በአንድ ሞቱባት። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የዋሻ ቤተ መቅደሳቸው ሄዳ፣ ይሄኛው ከተረፈልኝ የመጀመሪያ ፀጉሩን እዚህ አምጥቼ አስላጫለሁ ብላ ተሳለች። የሂንዱ ወግ ነው፤ የሕፃን የመጀመሪያ ፀጉር ለአምላክ ይሰጣል። ልጁ ተረፈ። ፀጉሩ ሳይደርስ ግን አገሩ ታመሰና ቤተሰቡ ያገኘውን ጠቅልሎ በሎሪ ናይሮቢ ገባ። እዚያ የሕፃኑ ራስ በሙቀት ቆሰለና ያለ ወጉ ተላጨ። ይሄ ነገር እናቱን እስክትሞት ድረስ ሲያብሰለስላት ኖረ። እሱም ዛሬ ነገ ሲል፣ ሱቅ ሲከፍት፣ ልጅ ሲያስተምር፣ ፀጉሩ ቀስ በቀስ ጥሎት ሄደ። አሁን ልቡ ታሟል። ሐሙስ ናይሮቢ ሆስፒታል ገብቶ ደረቱ ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞለታል፤ እሱ ግን የእናቴ ስለት ሳይደርስ ቢላ አይነካኝም ብሏል።

«እናቴ ስትሞት፣ የመጀመሪያው ካመለጠ የመጨረሻው ይሁን ብላኛለች» አለኝ ጭራዋን እንደያዘ። «የመጨረሻው ይሄ ነው።»

ልጅቱ ናይሮቢ የጥርስ ሐኪም ናት። ወደ ጎን ወስዳ በዝግታ ነገረችኝ፤ ደረቱ ካልተከፈተ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነው። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከሞያሌ ካልተነሱ ቀጠሮው ያልፋል። እሷ እንኳ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተላጭቶ ነገሩ ቢያልቅ ደስ ባላት ነበር። ግን አባቷን ታውቀዋለች፤ ቦታው ካልተገኘ ከዚህ ተነስቶ ወደ ሆስፒታሉ አይሄድም። ከዚያ ሽማግሌው ዋሻውን ታውቀው እንደሆነ አብረኸን ሄደህ ላጨኝ አለ።

በልጅነቴ ከአገሬ ሸሽቼ መጥቼ እዚሁ የሸበትኩ ሰው ነኝ። የሞያሌን ቤተ ክርስቲያን አውቃለሁ፣ መስጊዶቿን በአዛናቸው እለያለሁ፤ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ግን፣ ያውም በዋሻ ውስጥ፣ ሰምቼም አላውቅ። ሽማግሌው የሚለው ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ የተጠረበ ደረጃ፣ ከሩቅ የሚሰማ ደወል፣ ከየአገሩ የሚጎርፍ ተሳላሚ። እናቱ ስትነግረው የኖረችው እንዲህ ብላ ነው። ናይሮቢ ያሉ ዘመዶቹም እሱ አይቶ ከተመለሰ አውቶቡስ ተከራይተው ሊመጡ ተነጋግረዋል። እና ዋሻውን ታውቀዋለህ ወይ ሲለኝ፣ አዎ አልኩት።

በዚህ የሚስቅብኝ ሰው ሞያሌን አያውቅም። መንገድ የጠየቀን እንግዳ አላውቅም ብሎ መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ለጠማው ሰው ውሃ እንደመከልከል ይቆጠራል። እጅህን ወደ አንድ አቅጣጫ ትዘረጋለህ። እዚያ ያለውም ሰው በተራው እጁን ወደ ሌላ ይዘረጋል። እንግዳው እየተከበረ ይጠፋል።

ለራት ቤቴ ወሰድኳቸው። ባለቤቴ ዶሮ ልታሳርድ ስትነሳ ሥጋ አልበላም አለ። ሰኞ ምን ጾም አለ ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜ ልኩን ሥጋም እንቁላልም ቀምሶ እንደማያውቅ ስነግራት ያዘጋጀችውን ቢላ መልሳ አስቀመጠች። ዕድሜ ልኩን የጾመ ሰው ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ቀሳውስቱም ቢሆኑ ፋሲካን ይጠብቃሉ። ሽሮ ሠራችለት፣ መቀመጫውን አነጠፈችለት፣ አባባ እያለች ታጎርሰው ጀመር። ሽማግሌው መሀል ላይ እርጎ ይኖራችሁ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ደነገጠች። ጾመኛ እርጎ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ብዙ አሰበችና፣ ልቡን ስለሚያመው የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ነው ብላ ራሷ ከስሳ ራሷ ፈታችው። እርጎውም ከጎረቤት መጣ።

ስለ ስለቱ ስትሰማ ደግሞ የባሰ ሆነች። የስለት ልጅ ነው ለካ፣ አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷ ራሷ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስላ እስክታስገባ ድረስ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት፤ ስለት ጊዜ የሚሰጥ እንጂ የሚረሳ ነገር አይደለም ትላለች። ወደ ጓዳ ጠርታኝ ዋሻውን የምር ታውቀዋለህ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ለሚስቴም ቢሆን ወጉን አላፈርስም።

ማክሰኞ ጠዋት ምላጬን ይዤ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ያለው ሾፌር ያዝኩላቸው። የልጅቱ መኪና ለእኛ ኮረብታ የሚሆን አልነበረም። ሾፌሩም ዋሻውን ያውቀው ነበር፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሽማግሌው ኮኮናት፣ የሚጨስ ቀጭን እንጨት፣ ቀይ ዱቄትና ከናይሮቢ ያመጣትን የነሐስ ደወል በዘንቢል ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ደወሏ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ስለምትጮኽ በየመንደሩ ሰው የአይስክሬም መኪና መስሎት ይወጣ ነበር።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ተነስቷል። ባርኔጣ ያደረገ ሙሂንዲ፣ ማለት ህንድ፣ አባቱ ድሮ እዚህ ሱቅ የነበረው፣ ዋሻ ይፈልጋል፤ ይሄን ለሰማ የሞያሌ ሰው የቀረው ግልጽ ነው። አባትየው ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል፣ ልጅየው ሊያወጣው መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩን ለምን ይዞ ይሄዳል ቢሉ መልስ አልጠፋም፤ ካርታው ራሱ ላይ ተነቅሷል፣ ሲላጭ ይታያል። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙና የእህቱ ባል በአንድ ቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው አካፋ ይዘው ተከተሉን። ተደብቀው ቢሆን ባልከፋኝ። ቆመን ውሃ ስንጠጣ እነሱም ቆመው ውሃ ይጠጣሉ፣ ሰላምታም ይሰጡናል።

ሄሉ የምትባል መንደር ሰዎቹ ያሳዩን ዋሻ ለግንብ ድንጋይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ሽማግሌው ግን ጫማውን አውልቆ ገባና ተንበረከከ። ቢሆንስ ነው ነገሩ። ሲወጣ ደረጃው የት አለ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ ወስደውት ይሆናል አልኩት። በወጉ ዋሸሁ ልበል። ከዚያ የኡራንን መንገድ ያዝን። ውሃ መቅጃው ዘንድ ግመል የሚያጠጡ ሰዎች ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ነው አሉን። ከኮረብታው ጀርባ ሌላ ኮረብታ፣ ከእሱም ጀርባ እጁን የዘረጋ ሌላ ሰው አለ። ከሰዓት በኋላ የደረስንበት ዋሻ እውነተኛ ዋሻ ነበር፤ አፉ ላይ አጥንት ተበትኗል፣ ሽታው አያስጠጋም። የጅብ ቤት ነው። ሾፌሩ አጥንቱን እያየ መሥዋዕት ነው አለ። ሽማግሌው የእኛ አምላክ ሥጋ አይቀበልም ሲለው፣ ሾፌሩ ድሮ ይቀበል ነበር አለው።

እዚያም ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ልጁ እጁን ያዘችው። ካልሲው እሾህ በእሾህ ሆኗል። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እሾሁን ስትነቅል፣ ስልክ ጠጋኙ መጥቶ የስልኩን መብራት አበራላት። የወርቁ ባለቤት መንገድ ላይ እንዳይሞትባቸው ሰግተው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ደግነት ደግነት ነው። ሽማግሌው ያኔ ነው ደረቱን ይዞ ጎንበስ ያለው። ክኒኑን ወሰደ። ሁላችንም፣ አካፋ የያዙትም ጭምር፣ ትንፋሹን እየቆጠርን ተቀመጥን።

ከተማ ስንመለስ ሆቴላቸው በር ላይ ተጣሉ። ልጅቱ ነገ እኩለ ቀን እንነሳለን አለች። እሱ አንቺ ሂጂ አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከዚህ ሳልላጭ አልሄድም፣ ዋሻውን እስካገኝ ቤት እከራያለሁ አለ። እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እሷ ወደ እኔ ዞረች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አለቀሰች።

«እናቴን ከሸኘሁ ዓመት አልሞላኝም» አለችኝ። «የቀረኝ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ለጭራ ብሎ ሊሞትብኝ ነው።»

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ይሄን ስነግራት እኔም ልቤ ተነክቶ ነበር። እሷ ግን አላዘነችልኝም። እያወቅከው እንዲህ ያንከራተትካቸው ባታውቀው ምን ልታደርጋቸው ነበር አለችኝ፤ ነጠላዋን ተከናንባም ተኛች።

ጠዋት ስነሳ የለችም። ወተት ተራ ወርዳ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቤተ መቅደስም ዋሻም ብላ አልጠየቀችም። የሂንዱ ሰው የሚያመልክበት ድንጋይ ላይ ወተት እንደሚያፈስ ከሽማግሌው ሰምታለች፤ ስለዚህ ከየመንደሩ ወተት ይዘው የመጡትን የቦረና ሴቶች፣ ወተት የሚጠጣ ድንጋይ የት አለ ብላ ጠየቀቻቸው። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁና ወደ አንዷ ጠቆሙ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቡቲዬ መንደር ያለችው የባሏ አያት ሰኞ ሰኞ የፍየሎቹን ወተት ታልቦ እንዳለቀ ወስዳ ድንጋይ ላይ ትደፋዋለች። ልጆች እያሉ፣ ድርቅም እያለ ትደፋዋለች። ቢለምኗትም ቢቆጧትም አትሰማም። እናንተ ደግሞ ድንጋዩን ልታጠጡ ነው የመጣችሁት ብላ ባለቤቴን በግልምጫ አነሳቻት።

ቡቲዬ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። እኛ ኡራን ድረስ ሄደን የጅብ ቤት ስንሳለም ውለናል። ሾፌሩ ይሄን ሲሰማ አልደነገጠም፤ ቡቲዬ መሆኑንማ አውቅ ነበር፣ ሰፊውን መንገድ ላሳያችሁ ብዬ ነው አለ።

አሮጊቷ ደጅ ስንደርስ ገና ጠዋት ነው። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ከኮረብታው ወጣ ብሎ እንደ ጣራ ተደፍቷል፤ ሥሩ በእሾህ ታጥሮ ግልገሎች ታጉረውበታል። ከግልገሎቹ ጀርባ ጉልበት የሚያክል ድንጋይ ቆሟል፤ ወተትና ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። ደረጃ የለም፣ ደወል የለም፣ ተሳላሚም ቢባል አንዲት ፍየል ናት፤ እሷም ድንጋዩን ትልሳለች። ሽማግሌው ዘንቢሉን ይዞ ቆመ። ይሄ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው፣ ከዚህ በስተጀርባ ሌላ የለም ወይ አለኝ። ወደ ጀርባው ዞረና የፍየል በጠጥ ብቻ አይቶ ተመለሰ። እናቱ የነገረችው ያ ሁሉ ደረጃ የት ገባ? ልጁ ክንዱን ይዛ፣ ፓፓ እንሂድ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው አለችው። እሱም ይሄ አይደለም ብሎ ፊቱን አዞረ።

ያኔ ነው አሮጊቷ ከጎጆዋ የወጣችው። ጎብጣለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ባለቤቴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ ነገረቻት፤ አኮ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ እኚህ ሰዎች ከናይሮቢ ነው የመጡት፣ ድሮ እዚህ ሱቅ ከነበራት ህንድ ወገን ናቸው፣ የስለት ፀጉር ሊላጩ ነው። አሮጊቷ በትሯን ጣለች። ወደ ሽማግሌው አላየችም፣ ወደ እኔም አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ልጅቱ ሄዳ ትከሻዋን ይዛ አዞረቻትና ጀርባዋን ተመለከተች። ሕፃን ያዘለች እንደሆነ ልታይ ነው። ቦርሳዋንም ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየች።

«ልጁስ?» አለች። «ልጁ የታለ?»

ሽማግሌው ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ የታለ ትላለች አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ በላት።»

ነገርኳት። ከመላጣው እስከ ጫማው አየችው፣ እንደገናም ከጫማው እስከ መላጣው።

«ይሄማ አርጅቷል» አለችኝ፤ እኔ ይዤው ቆይቼ ያስረጀሁት ይመስል በቁጣ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ባለቤቴና እኔ እየተቀባበልን ነው የተረጎምነው። ልጅ ሳለች ለህንዷ ቤት በየማለዳው ወተት ታመላልስ ነበር። እናትየው ሱቅ ስትቆም ሕፃኑን የምታዝለው እሷ ናት። ሊሄዱ ሎሪው ላይ ሲጫኑ ህንዷ ጠራቻትና፣ ሰኞ ሰኞ ድንጋዩን ወተት አጠጪልኝ፣ ዝናቡ ሲያልፍ ልጁን ላስላጭ እመጣለሁ አለቻት። ዝናቡ አለፈ። እሷም ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ይሄኛው ይሆናል እያለች ስታጠጣ አገባች፣ ወለደች፣ አረጀች። ሰው ቃሉን ሰጥቶ እንዴት ዝም ብሎ ይተዋል ስትል ወደ ሽማግሌው ነው የምታየው። ባለቤቷ እንኳ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ልገላገል ብሎ ፍየሎቹን ሸጦባት ነበር፤ ወተት ከጎረቤት ተበድራ አጠጣች።

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጫማውን ሲያወልቅ አይቼ ይሄው ነው፣ ተገኘ አልኩ። ባለቤቴም ጫማዋን አወለቀች፣ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመስል። ግልገሎቹን አስወጣን። ወንበር እንፈልግለት ስል አሮጊቷ አይሆንም አለች። ሲላጭ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ከእናቱ ጋር ተባብለናል አለች። ከድንጋዩ አጠገብ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ጭኗን መታ መታ አደረገች። የሰባ ዓመት ሰው፣ የሱቅ ጌታ፣ ጭንቅላቱን የሰማንያ ዓመት አሮጊት ጭን ላይ አሳረፈ። እኔ በፍየል በጠጥ ላይ ተንበርክኬ ምላጬን አወጣሁ።

ላስቲኩን ፈታሁ። ፀጉሩ በጣት የሚለቀም ነበር፤ ግን እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ። ምላጩ ሲነካው ሽማግሌው ማልቀስ ጀመረ፤ ዝም ብሎ ሳይሆን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ልጅ። ልጁ ልቡን ፈርታ ልታስቆመው ስትል አሮጊቷ ከለከለቻት። ልጅ ሲላጭ ያለቅሳል፣ ተዪው አለች። ደረቱን መታ መታ እያደረገች በቦረና ዜማ ታባብለው ጀመር። ከአጥሩ ውጭ ስልክ ጠጋኙና የእህቱ ባል አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። ምልክት ይኖር እንደሆነ መጀመሪያ አንገታቸውን አስግገው ነበር፤ ኋላ ላይ አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ።

የተላጨውን በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው ከድንጋዩ ሥር ቀበሩት። ወተት ፈሰሰ፣ ኮኮናቱ ተሰበረ፣ ደወሏን የት እንሰቅላታለን ሲባል አሮጊቷ ተቀብላ ድንጋዩን የምትልሰው ፍየል አንገት ላይ አሰረቻት። ልጅቱ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። አሁንስ አለችው።

«አሁን ይክፈቱኝ» አላት።

አሮጊቷ ምን አለ አለችኝ። መዋሸት አልፈለግኩም፤ ሐኪሞች ደረቱን በቢላ ከፍተው ልቡን ሊጠግኑ ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ስንት ዘመን ጠብቄ፣ ዛሬ ጠዋት አግኝቼው፣ ነገ ሊከፍቱት ነው ብላ እጁን ያዘች፤ አልለቀውም አለች። ልጅቱ እየለመነች፣ ባለቤቴ እያግባባች፣ እኔ እየተረጎምኩ ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ አሮጊቷ ወደ ድንጋዩ ዞረችና፣ ሰው እንደሚያነጋግር አድርጋ፣ ይሄ ልጅ ከዚያ አልጋ ከተነሳ ፀጉሬን እሰጥሃለሁ አለችው። ሽማግሌው ስተረጉምለት ደነገጠ። ለእኔ ብላ አትሳል፣ ስለት ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ በላት አለኝ። እሷ ልጅ ዝም ይላል አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የምትላጨኝ አንተ ነህ አለችኝ። ሴት በወንድ እጅ አትላጭም ብላት፣ አንተ ምላጭ ያዥ እንጂ ሌላ ምን ነህ ብላ አዋረደችኝ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሄዱ።

ስልክ ጠጋኙና የእህቱ ባል ድንጋዩ ሥር መቆፈራቸው አልቀረም፤ ሐሙስ አሮጊቷ ፍየል ፍለጋ ስትወጣ ቆፍረው ቀዩን ጨርቅ አወጡት። ወርቅ ሲጠብቁ የሽማግሌ ፀጉር ወጣ። ሁለቱም ሱቄ እየሮጡ መጥተው መድኃኒት አድርጎብን ይሆን እያሉ ራሳቸውን እየዳበሱ ጠየቁኝ። ወስዳችሁ እንዳገኛችሁት ቅበሩት፣ ወተትም አፍስሱ አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ እንግዳ መንገድ ሲጠይቀኝ እንደማደርገው አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። እነሱ ግን አደረጉት። አሁን ሰኞ ሰኞ ስልክ ጠጋኙ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወተት ይዞ ቡቲዬ ይወጣል። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ሚስትም እርግማኗን ቀንሳለች፤ ወተቱን የምትሸጥለት እሷ ናትና።

ከናይሮቢ ግን ወሬ ጠፋ። ቅዳሜ የለም፣ እሑድ የለም። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስሙን ምን ብዬ ላስጠራ ብላ ተቸገረች፣ በመጨረሻም የስለት ልጅ ብላ አስጠራችው። እኔ ሰው እየላጨሁ ስልኬን አያለሁ፤ የአንዱን ደንበኛ ቅንድብ ጫፍ ወሰድኩበት። ከቡቲዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ አሮጊቷ ትጠይቅሃለች ይለኛል። ምን ልበላት? ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጠየቀኝ ሰው አላውቅም ብዬ ላክሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ናት። ድምፅዋን ስሰማ ቁጭ አልኩ። ሥራው ረጅም ነበር፣ ሁለት ጊዜ ፈርተው ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን ተነስቶ ተቀምጧል አለችኝ። ሾርባ ጠጥቷል። ነርሷንም በስዋሂሊ ተቆጥቷል። ወንበሬ ላይ ግማሽ ፂሙ አረፋ የሆነ ሰው ትቼ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ሲጣራ ይሰማኛል። ቡቲዬ ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ።

አሮጊቷ አጥሩ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሩቅ ስታየኝ አልተነሳችም። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አኮ፣ ከናይሮቢ ደውለው ነበር፣ ያ ልጅ ተነስቶ አልኳት። የምለውን ሳልጨርስ ሻሿን መፍታት ጀመረች።